አሮጌውን እንዳትተዉ

በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. ሶዶ መናኸሪያ ጀርባ፣ ኮብልስቶን እየተነጠፈበት ባለ መንገድ ዳር፣ በሩ ሰማያዊ የሆነ የጭቃ ቤት ነበር። የፊቱ ክፍል ጌም ቤት ነው። ከኋላ ባለው ክፍል አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ሁለቱን ክፍሎች የሚለያቸው መጋረጃ ብቻ ስለሆነ ከፊት የጎል ጩኸት ሲነሳ ከኋላ የድስቱ ክዳን ይንቀጠቀጣል፤ ከኋላ እናትየዋ ስትጸልይ ደግሞ ከፊት ያሉት ጎረምሶች ሳይነገራቸው ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ቤቱን ያቆመው ደገፉ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ጥቁር ፕሌስቴሽን ቱ ከነጆይስቲኮቹ ይዞ መጣ። ሚስቱ ፋንታዬ ለልጆቹ ጫማ ጠብቃ ነበርና ካርቶኑን ከፍታ አይታ መልሳ ዘጋችው። ይሄ ሳጥን ያበላሻል አላት። እውነቱን ነበር፤ ሳጥኑ አበላት፣ እሱ ግን ብዙም አልቆየም። ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭኖ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠና ደገፉ በዚያው ቀረ። ከእሱ የተረፈው ያ ቤት፣ ያ ጥቁር ሳጥንና ሁለት ልጆች ናቸው።

ጌም ቤቱን የምታስተዳድረው ትልቋ ልጅ ማክዳ ነበረች። የአሥረኛ ክፍል ውጤቷ አላሳልፋት ብሎ ቤት ከዋለች ወዲህ ወንዶች በሞሉበት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ሴት ሆና ትቀመጣለች። ቁጡ ናት። ነገር ሲንዛዛ አትወድም፤ ሰው ሐሳቡን ተናግሮ ሳይጨርስ ጨርሳለት መልሱን የምትሰጥ ዓይነት ናት። ጎረምሶቹ ይፈሯታል፣ ይወዷታልም። «ማኪ፣ ባል ስታገቢ ይሄን ቤት ለማን ትተዪዋለሽ?» ሲላት አንዱ፣ «አንተ መጀመሪያ የትናንቱን ክፈል፣ ከዚያ ባል ታመጣልኛለህ» ትለዋለች፤ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚስቀው ታናሽ ወንድሟ ባርኮት ነው። ባርኮት አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለበት። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ወድቆ አረፋ ሲደፍቅ መምህሩ ራሱ በመስኮት ዘሎ ወጣ ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱ ልጁ እስኪሻለው ቤት ይዋል አለ። የሚሻለው መቼ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ጎረቤትም ልጆቹን ከእሱ ጋር በአንድ ዕቃ አያበላም። ሆስፒታል የሰጠው ትንሽ ነጭ ክኒን ግን ነበረ፤ በየማታው ይውጣል፣ ብዙ ወር ሳይወድቅ ይቆያል። ክኒኑ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ንግግሩንና እጁን ያዘገየዋል። ሆኖም በአባቱ ሳጥን ላይ የሚያሸንፈው አልነበረም! መኪና አጥቦ ሳንቲም የያዘው ሁሉ፣ የኮሌጅ ተማሪው፣ የባጃጅ ሹፌሩ ሁሉ ተሰልፎ ይሸነፍለታል። ያ የግራው ጆይስቲክ ትንሽ እንደሚዘገይ፣ ተከላካዩ መቼ እንደሚገለበጥ አውራ ጣቱ በልምድ ያውቀዋል። ውጭ ሲያዩት መንገድ የሚቀይሩት ሰዎች፣ እዚያች ክፍል ውስጥ ጀርባውን መታ አድርገው «አንተ ሰይጣን፣ እንዴት አገባኸው?» ይሉታል። ለአንድ ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ዓለም አለ?

መከራ ሲመጣ ተራ አይጠብቅም። ፋንታዬ የቦምቤ ሰው ናት፤ ከትውልድ መንደሯ ዝንጅብል እያመጣች ሶዶ ገበያ ትሸጥ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ዝንጅብሉን በሽታ መታው። ማሳው ቢጫ ሆነ፣ ሥሩ መሬት ውስጥ ሸተተ፣ ገበሬው ዘሩን እንኳ አላገኘም። ፋንታዬ ባዶ ጆንያዋን አጣጥፋ ከአልጋ ሥር አስገባች። በዚያው ሰሞን ደግሞ ኤርካሎ የሚባል የሰፈሩ ጎረምሳ፣ ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሙ ፕሌስቴሽን ስሪ ላከለትና ከመንገዱ ማዶ ጌም ቤት ከፈተ። ግድግዳው ላይ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሰቀለ። በሳምንት ውስጥ የማክዳ አግዳሚ ወንበሮች ባዶ ሆኑ።

ለምን ሄዱ? ማክዳ ይህን ስታስብ ደሟ ይፈላል። የተጫዋቾቹ ፊት ጥርት ብሎ ስለሚታይ፣ ላባቸው ስለሚወርድ! ቅዳሜ በዲኤስቲቪ ያዩት አጥቂ በዘንድሮ ማሊያው ስለሚሮጥ! በእሷ ሳጥን ውስጥ ግን ኳስ ካቆሙ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች አሁንም ጎል ያገባሉ፤ ሲዲውም ማሽኑ በጎኑ ካልቆመ አይነበብም። ጎረምሶቹ ይህን ሁሉ ዓመት የተሳሳቁበትን፣ ዱቤ የወሰዱበትን፣ ሲርባቸው ፋንታዬ ቦዬ ቀቅላ ያበላቻቸውን ቤት ለአንድ ጠፍጣፋ መስታወት ጥለው ሄዱ። ከመንገዱ ማዶ ሆነው የደገፉን ማሽን «አሮጌው» አሉት፤ ያኛው «አዲሱ» ሆነ። «የት ነህ? አሮጌው ጋ ነህ ወይስ አዲሱ ጋ?» የሰፈሩ ሰላምታ ሆነ።

ባርኮት ስድቡን እንደ ስም ተቀበለው። «አሮጌውን ላብራው?» ይላል ጠዋት። «አሮጌው ዛሬ ሙቀት ይዞታል» ይላል። ስሙ ከእሱ ወደ እናቱ አፍ ገባ። ፋንታዬ ቤቷ ውስጥ የምታወራው በወላይትኛ ነው፤ አማርኛዋ የገበያ ነው፣ ለመሸጥና ለመግዛት የሚበቃ። አርጅቶ ለተጎዳ ነገር በገዛ ቋንቋዋ የራሷ ቃል አላት። «አሮጌው» የሚለውን የአማርኛ ቃል ግን በወላይትኛዋ መካከል ሳይቀር እንዳለ ትጠራዋለች፤ ለእሷ ቃሉ የአንድ ዕቃ ስም ነው። እንደ ሬዲዮ፣ እንደ ባጃጅ፣ አሮጌው ማለት ባሏ ያመጣው ጥቁር ሳጥን ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ የዚህ ቤት ጥፋት ሁሉ የመጣው ከዚህች ቃል ነውና።

በክረምቱ መግቢያ ባርኮት ደጋግሞ ወደቀ። ነጩ ክኒን ብቻውን አልበቃ አለው። እናቱና ማክዳ ሆስፒታል ወሰዱት። የበሩ ዘበኛ ግን አንድ አስታማሚ ብቻ ነው የሚገባው ብሎ ዱላውን ጋረደ። ማክዳ እናቷ አማርኛ በደንብ እንደማትሰማ ነገረችው፤ ዘበኛው ሐኪሞቹ የሚናገሩት የሀገር ቋንቋ ነው፣ የማይሰማ የለም አላት። ተከራከረች፣ ሰደበችው፣ ከዚያ መጠበቅ ሰለቻትና ቤቱን ልክፈት ብላ ተመለሰች። ለማን ነው የምትከፍተው? ማን ነበረ የቀረ ደንበኛ?

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር ከመጣ ዓመት አልሞላውም፣ በሩ ላይ ያለው ሰልፍ ግቢውን ዞሮታል። ክፉ ሰው አልነበረም። ልጁን አየና ፈገግ ብሎ ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚሠራ ጠየቀው።

«ጌም እጫወታለሁ» አለ ባርኮት። «ሰው ሁሉ ወደ አዲሱ ሄዷል። እኔ ግን አሮጌውን አልተውም።»

ሐኪሙ ሳቀ። «እኔም ተማሪ ሆኜ በአሮጌው ነበር የምጫወተው። ጎበዝ፣ እንዳትተወው።»

ፋንታዬ ይህን ሰማች፤ ደስም አላት። ነርሷ ልጁን ለሚዛን ይዛው ወጣች። ሐኪሙ ወረቀቱን ጫጭሮ ሲጨርስ የሚቀጥለው በሽተኛ በሩን ከፍቶ ቆሞ ነበር። ቀና ሳይል ተናገረ።

«ይኸውልሽ እናቴ፣ ይሄ አዲሱ ነው፤ ማታ ማታ አንድ አንድ ይዋጥ። አሮጌውን እንዳትተዉ። አሮጌውን ከተዋችሁ ይወድቅባችኋል፣ አደገኛ ነው። ገባሽ?»

«ገባኝ ዶክተር» አለች ፋንታዬ።

ገብቷታል! እንዴት አይገባትም? አዲስ መድኃኒት ተሰጥቷል፤ በየማታው ይዋጣል። ልጁ ደግሞ አሮጌውን እንዲተው መደረግ የለበትም፤ ልቡ የሚያርፈው በእሱ ነውና፣ ከነጠቁት ይወድቃል። አሁን እዚሁ፣ በዚሁ ክፍል ውስጥ፣ ሐኪሙ ራሱ ልጁን አሮጌውን አትተው ብሎት የለም? ፋንታዬ በመንገዷ ሁሉ ሐኪሙን መረቀችው። ከብዙ ዓመት በኋላ የልጇን ልብ የተመለከተ አንድ የተማረ ሰው አገኘች።

ቤት ስትደርስ የሳጥኑን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። የነጩን ክኒን ብልቃጥ ደግሞ ከመደርደሪያ አወረደችው። ተተክቷል፤ ምን ያደርግላታል? ፈጠነች የምትባል ከቦምቤ የመጣች ዘመዷ በዚያ ሳምንት አልቅሳባት ነበር። የእሷም ልጅ ትወድቃለች፤ መንደሩ መንፈስ ነው ብሎ ከጓዳ አስቀምጧታል፣ ሶዶ ድረስ ለማምጣት መሳፈሪያ የላትም። ፋንታዬ ብልቃጡን በእጇ አስያዘቻት። የእኔ ልጅ አዲስ ተሰጥቶታል፣ ይሄ ለልጅሽ ይሁን፣ በየማታው አንድ ስጪያት አለቻት። ይህ ኃጢአት ነው? ያላትን መድኃኒት ለሌላ እናት የሰጠች ድሃ ሴት ምን በደለች? ከሰማይ የሚያይ ካለ፣ በዚያች ደቂቃ ምን ያደርግ ነበር ብዬ እጠይቃለሁ።

ቀጥሎ የመጡት ቀናት በዚያ ቤት ከደገፉ ሞት በኋላ ያማሩት ቀናት ነበሩ። ነጩ ክኒን ከደሙ እየጠፋ ሲሄድ ባርኮትን እንቅልፉ ለቀቀው። ምላሱ ተፈታ፣ እጁ ፈጠነ። በአሮጌው ላይ እንዲያ ሲጫወት ታይቶ አይታወቅም። ወሬው መንገዱን ተሻግሮ ከኤርካሎ ቤት ጥቂት ልጆች ሊያዩት መጡ። «የታመመው አንተ ነህ ወይስ እኛ?» አሉት። ፋንታዬ መጋረጃውን ገልጣ እያየች ሐኪሙን እንደገና መረቀችው። ያ ፍጥነት መድኃኒት ያጣ አካል ፍጥነት መሆኑን በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

ማክዳም የወንድሟን ደህና መሆን አየች፤ የራሷንም ነገር አሰበች። የዕቁብ ዕጣዋ ወጥቶላታል። ቦዲቲ ያለ አንድ ነጋዴ አሮጌውን ከነሲዲዎቹ ተቀብሎ፣ ገንዘቡን ጨምራ፣ አዲሱን ሊሰጣት ተስማምቷል። እሱ ገጠር ሊከፍት ነው፤ ገጠር ላይ አሮጌው ገና አዲስ ነው። ማክዳ ይህን ለእናቷ ስትነግራት ፋንታዬ እጇን ከሽንኩርቱ ላይ አነሳች።

«አሮጌው አይሸጥም» አለች። «ሐኪሙ እንዳትተዉ ብሏል። ከተዋችሁት ይወድቃል ብሏል።»

«ሐኪም ስለ ጌም ምን አገባው?»

«ሄደሽ ጠይቂው።»

እዚህ ላይ አንድ ሰው በትክክል ቢያስብ ኖሮ! «ምን ነበር ያለው፣ ቃል በቃል ንገሪኝ» ተብላ ብትጠየቅ ኖሮ! ማክዳ ግን ነገሩ ገባኝ የምትል ልጅ ናት። እናቷ የባርኮትን ልብ ላለመስበር ሐኪምን መደበቂያ ያደረገች መሰላት፤ ተናደደችም። እኔ ቤቱን ላድን እሮጣለሁ፣ እነሱ ተረት ያወሩልኛል አለች በልቧ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ አሮጌው ተጨቃጨቁ፤ እናትየዋ ስለ ልጇ ሕይወት፣ ልጅቷ ስለ አንድ ያረጀ ማሽን። ሁለቱም በአንድ ቃል ይጣላሉ፣ ሐኪሙ ግን ቃሉን የተናገረው ስለ ማሽኑ አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት ፋንታዬ ገበያ ስትሄድ ማክዳ አሮጌውን በካርቶን ጠቅልላ በሚኒባስ ቦዲቲ ወረደች፤ ቀትር ላይ አዲሱን ይዛ ተመለሰች። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። አግዳሚው ሞላ። ከኤርካሎ ቤት የመጡት ይሳሳቃሉ፣ ትናንት ጥለዋት የሄዱት «ማኪ የእኛ» ይላሉ። ባርኮት ጥግ ላይ ቆሞ የባዶውን ጠረጴዛ የአቧራ ምልክት አየ። አላለቀሰም፤ አልተቆጣም። እስቲ ልሞክረው ብሎ ጆይስቲኩን ያዘ፣ በአንድ የባጃጅ ረዳት ተሸነፈ፤ ደግሞ ተሸነፈ። ጎረምሶቹ ሳቁ፣ በክፋት አልነበረም።

«ጥሩ ነው» አላት እህቱን። «ግን እኔን አያውቀኝም።»

ጆይስቲኩን ለሚቀጥለው ልጅ ዘረጋለት። እጁን እንደዘረጋ ወደቀ።

ከዚህ በፊት ሲወድቅ ጥቂት ቆይቶ ይነቃል። አሁን አልነቃም። አንዱ መንዘፍዘፍ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል፤ ዓይኑ ወደ ላይ፣ ከንፈሩ ሰማያዊ… ክፍሉ በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። «የእኛ» ያሏት ሁሉ በበሩ ወጡ፤ ጠፍጣፋው ስክሪን ላይ ሃያ ሁለት ተጫዋቾች ላባቸውን እያንጠባጠቡ ቆመው ቀሩ። ማክዳ ወንድሟን ተሸክማ ባጃጅ ላይ ጫነችው። ፋንታዬ ከገበያ እየሮጠች የደረሰችው ባጃጁ ሲነሳ ነው። በቤቱ በር አንገቷን አስግጋ ጠረጴዛውን አየች፤ አሮጌው የለም። ባጃጁ ላይ ወጥታ ልጇን አቅፋ ሆስፒታል እስኪደርሱ ድረስ ማክዳን አላየቻትም።

ዘበኛው በዚያ ቀን አስታማሚ አልቆጠረም። ያው ወጣት ሐኪም ነው ተረኛው። መርፌ ወጉት፣ ኦክሲጅን አደረጉለት፣ ደግመው ወጉት። ሐኪሙ ካርዱን አየና ወደ እናትየዋ ዞረ።

«አሮጌውን አቁማችኋል?»

ፋንታዬ በተሰባበረ አማርኛዋ መለሰች። «አሮጌው የለም ዶክተር። እኔ አይሆንም ብዬ ነበር። እሷ ነው ቦዲቲ ወስዶ የሸጠ።»

ሐኪሙ ወደ ማክዳ ዞረ። «የወንድምሽን መድኃኒት ሸጥሽ?»

ማክዳ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች፤ እንደ ልማዷ ፈጥና ልትመልስ። ቃሉ ግን መሃል ላይ ያዛት። መድኃኒት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብላ አሰበች። የመደርደሪያው ባዶ ቦታ ታያት።

«አሮጌው ያሉት… ክኒኑን ነው?» አለች።

«ታዲያ ምኑን ሊሆን ነው?»

«በእኛ ቤት አሮጌው የማሽን ስም ነው። አባታችን ያመጣው ጌም። እናቴ እሱን ነው የያዘችው።»

ሐኪሙ ሰው ሲደነግጥ እንደሚያደርገው ተቆጣ። «በአማርኛ ነው የነገርኳት። ገባኝ ብላኛለች።»

«ገባኝ ማለት ከእርስዎ ክፍል መውጫ ነው» አለች ማክዳ፤ ድምፅዋን አላነሳችም። «ሌላ ምን ትበል? ነጩ ክኒን ብለው ቢጠሩት ምን ነበረበት? ምን አልኩሽ፣ ድገሚልኝ ቢሏት ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር?»

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። ሰልፉ ረጅም ነበር አለ በለሆሳስ። እውነቱን ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነበር። የሰው ልጅ ሕይወት በአንድ ቃልና በአንድ ሰልፍ ርዝመት መካከል ወድቃ ትሰበራለች፤ ጠያቂ የላትም፣ ከሳሽ የላትም…

ባርኮት ሳይነቃ ፀሐይ ዳሞታ ተራራ ጀርባ ስትገባ ሞተ። በአንሶላ የሸፈነችው ነርስ ወጣች። ፋንታዬ የማክዳን ክንድ ያዘች። ቅድም ሐኪሙና ማክዳ በፈጣን አማርኛ የተነጋገሩትን አልሰማችም፤ የሰማችው «አሮጌው» የሚለውን ቃል ብቻ ነው፣ ተደጋግሞ። በወላይትኛ ጠየቀቻት።

«ምን አለ ሐኪሙ? ልጄን ምን ገደለው?»

ማክዳ እናቷን አየቻት። እውነቱን ልትነግራት ትችል ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ እማ፣ አሮጌው ክኒኑ ነበር፣ አንቺ ከመደርደሪያው ያነሳሽው። ይህን ብትል ራሷ ነፃ ትወጣለች። እናቷ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ በገዛ እጇ ብልቃጡን ከመደርደሪያ ስታወርድ ራሷን እያየች ትኖራለች፣ መኖር ከተባለ። ማክዳ ትዕግሥት አልነበራትም፣ ለስላሳም አልነበረችም፤ ስታለቅስ ያያት ሰው ጥቂት ነው። ግን ሒሳቡን በፍጥነት ሠራች።

«አሮጌውን ለምን ሸጣችሁ ነው ያለው» አለቻት። «አትተዉ ብዬ ነበር አለ።»

ፋንታዬ የልጇን ክንድ ለቀቀች።

ለቅሶው ላይ ሶዶ ተሰበሰበ፤ ከበዴሳና ከቦምቤም ዘመድ መጣ። ልጁ ሲኖር በዕቃው የማይበሉ ጎረቤቶች ድንኳኑን ሞልተው ንፍሮውን በሉ። ጌታ የወደደውን ወሰደ፣ ዕድሉ ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው ተባለ። ፋንታዬ በሰው ሁሉ ፊት ደረቷን እየመታች «ሐኪም የከለከለውን እሷ ሸጠችው፤ የልጄን ነፍስ በካርቶን ጠቅልላ ቦዲቲ ወሰደችው» እያለች አለቀሰች። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ ማክዳን አየ። ሴቶቹ ሹክሹክታ ያዙ፤ ለጌም ብላ ወንድሟን! ሐኪም የፕሌስቴሽን ማዘዣ ይጽፋል ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው፣ ከዚያ ሁሉ አስተማሪ፣ ከዚያ ሁሉ የቢሮ ሠራተኛ መካከል አንድ ሰው አልተገኘም። ማክዳ ውኃ ትቀዳለች፣ ወንበር ታመጣለች።

ፈጠነች የመጣችው በማግስቱ ነው። የባርኮትን መሞት እንጂ ሌላ ነገር አላወቀችም። በሩ ላይ ማክዳን አቅፋ ስታለቅስ እግዜር ይስጣችሁ፣ እናትሽ የሰጠችኝ ነጭ ክኒን ልጄን አቆማት፣ ከዚያ ወዲህ አንዴም አልወደቀችም፣ ገብቼ ላመስግናት አለች። ማክዳ መሬቱ የተከፈተ መሰላት። ያ ክኒን አንዲት ልጅን ቦምቤ ውስጥ በእግሯ እያቆመ ነው! ደስ ይበላት ወይስ ትጩህ? ፈጠነችን እጇን ይዛ ከቤቱ ጀርባ፣ ለቀስተኛ ወደማይደርስበት ወሰደቻት።

«ስለ ክኒኑ እናቴ ፊት ትንፍሽ እንዳትዪ» አለቻት። «ዛሬም፣ ሌላ ቀንም። ሌላው ደግሞ፣ ሳያልቅብሽ ልጅሽን ሆስፒታል አምጪያት፤ መሳፈሪያውን እኔ እሰጥሻለሁ። ነጩን ክኒን አንድ ማታ እንኳ እንዳታቋርጪ። ምን አልኩሽ? ድገሚልኝ።»

ፈጠነች ግራ ገብቷት ደገመች። ማክዳ እንደገና አስደገመቻት። ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን ፈጠነች ገባት፤ የማክዳን ፊት አይታ ሁሉም ነገር ገባት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ ገባች፣ ከፋንታዬ አጠገብ ተቀመጠች፣ ስለ ክኒን ምንም አልተናገረችም።

ከለቅሶው በኋላ ማክዳ አዲሱን ይዛ ቦዲቲ ሄደች። ነጋዴው ልዩነቱን አልመልስም አለ፤ ግድ የለም አለችው። አዲሱን ሰጥታ፣ የዕቁቧን ገንዘብ ትታ፣ አሮጌውን ተቀብላ ተመለሰች። ይህን የሰማ ጎረምሳ ሁሉ ሳቀባት። ኤርካሎ በሩ ላይ ቆሞ «ማኪ፣ ሰው ወደፊት ይሄዳል እንጂ!» አላት። ምን ትመልስለት? ሰው አሮጌ ዕቃ ለምን ይዞ ይኖራል ብሎ የሚገረም ብዙ ነው። አንዱ የለመደው እጁ ስለማይሸነፍበት ነው፣ ሌላው ድህነት ስለያዘው፣ ሌላው ትዝታ ስለሚወድ። እሷ ግን ያመጣችው እናቷ ስለጠየቀቻት ነው። ፋንታዬ አሮጌውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና ራስጌዋ አኖረችው፤ አልበራም ከዚያ ወዲያ። ጌም ቤቱ ተዘጋ። ማክዳ ኮብልስቶን ጠራቢዎች መካከል ገብታ መዶሻ ያዘች። እናቷ አሮጌውን መልሺ ካለቻት ወዲህ አንድ ቤት ውስጥ እየኖረች አላናገረቻትም፤ የሠራችውን ወጥ አልቀመሰችም፣ ያመጣችውን ውኃ አልጠጣችም። ከሳች፣ ገረጣች።

በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ጩማ ሁለት ሰዎች አስከትለው መጡ። እናትና ልጅ ተኳርፈው ቅዱስ ቁርባን አይወሰድም አሉ። ወንበር ተደረደረ፣ ተጸለየ፣ ጋሽ ጩማ ረጅም ቃል ተናገሩ። ከዚያ ማክዳን ጥፋትሽን በገዛ አፍሽ ተናገሪ አሏት።

ማክዳ ተነሳች። ያ ሁሉ ቁጣ ገና አልበረደላትም ነበር። በዘበኛው፣ በሐኪሙ፣ በረጅሙ ሰልፍ፣ በመስኮት በዘለለው መምህር፣ ንፍሮ በበሉት ጎረቤቶች፣ አሁን ፊቷ ተቀምጠው ምንም ሳያውቁ በሚፈርዱት ሽማግሌዎች ላይ። ሁሉንም ልትነግራቸው አንድ ትንፋሽ ይበቃታል። እናቷ እጇን ጭኗ ላይ አኑራ ትጠብቃለች። ያ እጅ ቀጥኗል።

ተንበርክካ የእናቷን ጉልበት ያዘች።

«አጥፍቻለሁ እማ። ሐኪሙ ያለውን አልሰማሁም። ይቅር በዪኝ።»

ፋንታዬ ጎንበስ ብላ የልጇን ራስ ሳመች፤ እንባዋ በማክዳ ፀጉር ላይ ወረደ።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለች። «አንቺም ልጅ ነሽ። አላወቅሽም።»

ጋሽ ጩማ አሜን አሉ። ሽማግሌዎቹ እንባቸውን ጠርገው፣ ይቅርታ እንዴት ደስ ይላል እየተባባሉ፣ ዕድል ያመጣውን ጌታ መለሰው እያሉ ሄዱ። ዕድል! ዕድል አፍ የለውም። ይህን ቤት ያፈረሰው አፍ ያለው፣ ጆሮ ያለው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለመናገርና ለመጠየቅ ጊዜ ያጣ ሰው ነው፤ ጥፋቱን በዕድል ስም የሚቀብረውም ያው ሰው ነው። እውነቱን ከሚያውቁት ውስጥ አንዱ፣ ሐኪሙ፣ ሌላ ከተማ ተዛወረ፣ አንዷ እናት ቦምቤ ሆና ልጇን ታሳድጋለች፣ አንዷ ደግሞ እዚያው ተንበርክካ ላልሠራችው ጥፋት ይቅር ተባለች።

ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ማክዳ ቂጣ በጎመን አቀረበች። ፋንታዬ እጇን ታጠበች፤ ከልጇ ጋር ከአንድ ትሪ በላች።